እስከ አርባው ተብሎ የተቀመጠ ምቢራ

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ይህን ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አብሮኝ አደገ እንጂ። ጎረቤት ሰው ሲሞትበት የቴሌቪዥን ድምፅ ይቀነሳል፤ ሠርግ የደገሰ ሰው ሐዘንተኛውን ሳያስፈቅድ ከበሮ አያስመታም፤ ባጃጅ ነጂ እንኳ ድንኳን ሲያይ ዘፈኑን ያጠፋል። ሳያጠፋ ያለፈ እንደሆነ ስሙ ሲነሳ ይከርማል። ልማዱ ጥሩ ይሁን መጥፎ አስቤበት አላውቅም ነበር። ያሰብኩበት፣ ጓሮዬ ያለውን ክፍል የተከራየው ሰው ወንድሙ የሞተበት ጊዜ ነው።

ተከራዬ የዚምባብዌ ሰው ነው። እዚህ አዳማ ምህንድስና ያስተምራል። ሰፈሩ ስሙን ለመጥራት ትንሽ ሞክሮ ሲያቅተው ዶክተር ብሎ ተገላገለ። ረጅምና ቀጭን ነው፤ የአዳማ ሙቀት እየጠበሰው እንኳ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ተኩሶ ይለብሳል። አማርኛ የተማረው ከመጽሐፍ ስለሆነ ሁሉንም ሰው አንቱ ይላል። ድመቴን «እባክዎ ይውጡ» ሲላት ሰምቼ ብቻዬን ስቄአለሁ። ኦሮምኛ ለሚናገሩት ጎረቤቶች ደግሞ «አካም ጅርቱ» ይላል፤ መልሱ ሲረዝምበት አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቼም ወጥተዋል። ተከራይ የማስገባው ግቢው ውስጥ የሰው ኮቴ እንዲሰማ ብዬ ነው። ከዚያ ያለፈ መቀራረብ አልወድም፤ ኮቴው ይበቃኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ወንበር አውጥቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጥና አንድ ነገር ይመታል። ነገሩ ጥርብ እንጨት ነው፤ በላዩ የብረት ምላሶች ተደርድረዋል፤ ምላሶቹን በሁለት አውራ ጣቶቹና በአንድ ሌባ ጣት ይነካካቸዋል። እንጨቱን ትልቅ ግማሽ ቅል ውስጥ ይወትፈዋል፤ የቅሉ አፍ ዙሪያውን የለስላሳ ቆርኪ ተሰክቶበታል። ብረቱ በተነካ ቁጥር ቆርኪዎቹ ይንጫጫሉ። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት የውሃ ፓምፔ ቡሎን የላላ መስሎኝ ወጥቼ ፈትሼዋለሁ። ምቢራ ይባላል አለኝ። ቆርኪዎቹ ቢወልቁ ድምፁ ጥርት አይልም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ያለ ቆርኪ ምቢራ ራቁቱን የወጣ ሰው ነው አለኝ። በገናም ሲደረደር ይነዝራል። በየዐቢይ ጾሙ ስሰማው ስለኖርኩ ነገሩ ቶሎ ገባኝ።

ቶሎ ያልገባኝ ሌላው ነው። የሚመታው ዜማ ሁልጊዜ የጎደለው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቀው፣ ምቢራ በሁለት ሰው እንደሚመታ ነገረኝ። አንዱ መሪ ነው፣ ሌላው ተቀባይ። መሪው የሚተወውን ክፍተት ተቀባዩ ይሞላል፤ ጣቶቻቸው በየተራ እየገቡ ሁለቱ እንደ አንድ ይሰማሉ። ቤት ውስጥ መሪው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ እሱ ታናሽ ስለሆነ የተማረው መቀበል ብቻ ነው። እንግዲህ እስከዚያ ቀን ስሰማ የኖርኩት የዜማውን ግማሽ ነው ማለት ነው። ሌላው ግማሽ ዚምባብዌ፣ ገጠር ውስጥ፣ ወንድሙ እጅ ላይ ነበር።

ቤተሰቡ ተበትኗል። ወጣቶቹ ጆሃንስበርግ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ ናቸው፤ ገጠር የቀሩት ወንድሙና እህቱ ብቻ ነበሩ። ሕፃን ሳለች ከእናቷ ጋር ሄዳ እንግሊዝ ያደገች የወንድሙ ልጅ አለች፤ ቋንቋቸውን እንደነገሩ ነው የምትሰማው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ምን እንደነካት እንጃ፣ አባቷን ምቢራ አስተምረኝ ብላ ያዘችው። አባትየው በስልክ እየቀዳ ቁራጭ ቁራጭ አድርጎ ላከላት። የላከላት የራሱን፣ የመሪውን ክፍል ነው። ዶክተሩ ይህን ሲነግረኝ ኩራት ይታይበት ነበር፤ ከተበተኑት መካከል ምቢራ የያዘች እሷ ብቻ መሆኗን ሁለት ጊዜ ደገመልኝ።

ወንድሙ በድንገት ሞተ። ወሬው ጠዋት በስልክ ደረሰው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዘው ነው የሚነግሩት። እሱ ግን ብቻውን ቆሞ ሰማ። ፓስፖርቱ ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት አዲስ አበባ ስለነበር ለቀብር መድረስ አልቻለም። ይህን ሁሉ ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ፣ የፈተና ፕሮግራም እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ ነገረኝ። እኔም ምን እንደምለው ስላላወቅሁ መንገዱን ተሻግሬ ለእማማ ነገርኩ።

እማማ ፊት ለፊታችን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ የሴቶች እድር ዳኛ። የመጡት ከሰሜን ሸዋ ነው፤ ቤታቸው ከእኔ ቤት ያነሰ ነው፣ ሰፈሩን የሚያስተዳድሩት ግን እሳቸው ናቸው። ዶክተሩ የእድር አባል አይደለም፤ እሳቸው ግን ሰው ሰው ነው ብለው ድንኳን አስተከሉ። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል፣ ዱከም ፋብሪካ የሚሠሩት ልጆች እንኳ ከሥራ መልስ ከሚኒባስ ወርደው ቀጥታ ወደ ግቢዬ ገብተዋል። በሰፈሬ ብዙ የምጠላው ነገር አለ። በለቅሶ ላይ ግን አፌን ሞልቼ የማማው ነገር አላገኘሁም።

ሴቶቹ ድስት ተሸክመው በሩን ሲያልፉ ምቢራው ተሰማ። ዶክተሩ ክፍሉን ከፍቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየመታ ነበር። ሴቶቹ ባሉበት ቆሙ። አንዷ አፏን በነጠላ ያዘች። እማማ ድስታቸውን ለሌላ ሰጥተው ገቡና አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጁን ይዘው በለሆሳስ መከሩት። ለወንድሙ ነውር መሆኑን፣ ሰው እንደሚሰማና ሐዘን የለውም እንደሚሉት፣ ወጣት ነውና ቤት ውስጥ ካለ እጁ እንደሚሄድበት፣ ስለዚህ እስከ አርባው እሳቸው ዘንድ ቢቀመጥ እንደሚሻል ነገሩት። እኔ በር ላይ ቆሜ ተረጎምኩ። ወደ ሃምሳ የሚጠጋውን ሰው ወጣት ማለታቸውን ብቻ ዘለልኩት። ዶክተሩ እማማን አየ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሴቶች አየ፣ ከዚያ ምቢራውን ከነቅሉ በሁለት እጁ አቀበላቸው። እሳቸውም እንዳይጮህ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። እኔም በሆዴ ደግ አደረጉ አልኩ።

ለቅሶው በሥርዓቱ ተደረሰ። ሰው ገባ፣ ወጣ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት አለ። ዶክተሩ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ መሐል ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ሰው አንገቱን ዝቅ ያደርግ ነበር። አላለቀሰም። ሴቶቹ ይህን አስተውለው ልቡ ደንድኗል ተባባሉ፤ አንዷ የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው ብላ እኔን ገረመመችኝ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። ንፍሮው አለቀ፣ ግቢው ተጠረገ፣ እኔም ወደ ዝምታዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ ዕለት ዶክተሩ በረንዳዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ሳይጠራ ሲመጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ቅዳሜ ገጠር፣ እህቱ ዘንድ፣ ዘመድ ጎረቤት ሊሰበሰብ ነው አለኝ። በእነሱ ቤት ከቀብር በኋላ እንዲህ ያለ ቀን አለ፤ ሟቹ የሚወደውን ዜማ ይመቱለታል፤ ያ ካልተደረገ ወንድሙ ገና መንገድ ላይ ነው። ዜማውን የሚያውቁ ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። መሪውን እንግሊዝ ያለችው ልጅ ታውቀዋለች፤ ተቀባዩ እሱ ነው። በስልክ ተገናኝተው ሊመቱት ተስማምተው ነበር። እህቱ ቀኑን ቆርጣለች፣ ዘመድ ሁሉ ከያለበት በስልክ ሊገባ ነው። ምቢራውን ግን አልጠቀሰም።

ተናደድኩ። ታዲያ ለምን ሰጠሃቸው አልኩት። ወንድምህን የምታለቅስበትን ነገር አቅፈህ አስረከብክ፣ እኔስ ስተረጉም ቆሜ አልነበረም፣ እንዲህ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት አልኩት። በእንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፦

«እጄን ይዘውት ነበር። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ የነካኝ ሰው አልነበረም። ብከለክላቸው ምቢራው ይኖረኛል፤ ብሰጣቸው ሰው ይኖረኛል ብዬ ነው።»

ተነስቼ ነጠላዬን ለበስኩ።

ብቻዬን ከእማማ ጋር መከራከር እንደማልችል ስለማውቅ መጀመሪያ የእድሩን ድንኳን ጠባቂ ፈለግኋቸው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ኦሮሞ አዛውንት ናቸው፤ እማማ ከሰፈሩ ወንዶች ሁሉ የሚሰሙት እሳቸውን ብቻ ነው። ጉዳዩን ስነግራቸው ሳቁ። ወንጂ ካምፕ ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ሸንኮራ ቆራጭ እንደየአገሩ ሲያለቅስ አይተዋል፤ ከበሮ የሚመታ ነበር፣ ጡሩንባ የሚነፋ ነበር፣ እየዘለለ የሚያለቅስ ነበር። እኛ መጀመሪያ ሠርግ መስሎን ልናጨበጭብ ሄደን እናውቃለን አሉ።

እማማ ነገሩን ጨርሰው ሳይሰሙ ነበር እምቢ ያሉት። ምቢራው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ አርባው ሲወጣ በገዛ እጃቸው ይመልሱታል። እስከዚያ ሰው ምን ይለናል አሉ። አዛውንቱ የወንጂን ነገር አወሩላቸው። እማማ ወንጂ ወንጂ ነው፣ ይህ አዳማ ነው አሉ። በገና በጾም ይደረደር የለም ወይ አልኩ። በገና ጸሎት ነው አሉ። ይህም ለእሱ እንደዚያ ነው አልኩ። ስለ መንገዱና ስለ ሟቹ ዶክተሩ የነገረኝን ግን አላነሳሁም፤ ባነሳው ኖሮ ነገሩ የዛር ነው ብለው ምቢራውን ከቁም ሳጥን ወደ ጸበል ይወስዱት ነበር። የሁሉንም ሰው እምነት ለሁሉም ሰው ማስረዳት የእኔ ሥራ አይደለም።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እማማ በወጣትነታቸው የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። ሙሾ ሲያወርዱ ድንጋይ ያስለቅሳሉ ይባል ነበር፤ ከሁሩታና ከመተሐራ ሳይቀር እየተጠሩ ሄደዋል። በኋላ የንስሐ አባታቸው ስለከለከሏቸውና እድሩም ሙሾ ይቅር ስላለ ተዉት። እኔ እንኳ የሰማኋቸው አንድ ጊዜ ነው፤ ልጅ ሆኜ።

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «እርስዎ ሙሾ ሲያወርዱ ዘፈን ነው ያለዎት ሰው ነበር?»

አዛውንቱ ወለሉን አዩ። ክፉ ጥያቄ ነበር፤ ሳልጠይቃቸው ብቀር ግን ምቢራው አርባውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይጨርስ ነበር። በመጨረሻ እማማ ፍርዳቸውን ሰጡ። ቅዳሜ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ፣ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ነገሩ ጭፈራ ከሆነ ግን ወዲያው መልሰው ይወስዱታል። አዛውንቱ ይኸው ተሻለ ብለው አስጨረሱ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ በረንዳዬ ላይ ተሰበሰብን። እማማ ጥቁር ለብሰው፣ ምቢራውን በነጠላ እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። ሁለት የእድር ሴቶች ተከትለዋቸዋል፤ ምስክር መሆናቸው ነው። ዶክተሩ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ ከፍቷል፤ መስኮቱ ውስጥ ትንንሽ ፊቶች ነበሩ፣ አንዱ ሶፋ ላይ፣ አንዱ መኪና ውስጥ፣ አንዷ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ። የገጠሩ ኔትዎርክ ይቆራረጥ ስለነበር እህቱ ብቅ ትልና ትጠፋለች። የወንድሙ ልጅ መሐል ነበረች፣ ምቢራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሃያ ዓመት ያለፋት አትመስልም።

እማማ ምቢራውን ወዲያው አልሰጡትም። ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ ጥያቄ ጀመሩ፣ እኔም መተርጎም ጀመርኩ። ወንድምህ ምን ሠራተኛ ነበር? የአውቶቡስ ሹፌር ነበር አለ። በየትኛው መንገድ? ከከተማ ወደ ገጠራቸው፤ ማታ የመጨረሻውን አውቶቡስ የሚነዳው እሱ ስለነበር ሰው እሱን ሳይጠብቅ አይተኛም ነበር አለ። መልኩስ? አጭር፣ ድምፁ ወፍራም። ሲቆጣስ? ዶክተሩ ሳቅ አለና ተቀባይ ሲሳሳት አውራ ጣት ላይ በማንኪያ ይመታ እንደነበር ነገራቸው። እማማ እያንዳንዱን መልስ አንገታቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉ። በለቅሶው ሰሞን ያ ሁሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ሟቹ ምን ሰው እንደነበር የጠየቀ አለመኖሩ ያኔ ታወቀኝ። ለራሴም ጭምር አፈርኩ።

ከዚያ ነጠላውን ፈትተው ሰጡት።

መጀመሪያ ሲሞክሩ አልሆነም። የልጅቷ ድምፅ እዚህ እስኪደርስ ጥቂት ይዘገያል፤ የእሱ መልስ ተመልሶ እስኪደርሳት እንደገና ይዘገያል። እሷ እሱን ስትጠብቅ እሱ እሷን ሲጠብቅ እየቀዘቀዙ ሄደው ቆሙ። ደገሙት፤ አሁንም ቆሙ። ልጅቷ ጥፋቱ የእሷ መሰላት። ጥሩ አልተማርኩም፣ አባቴ ቢኖር ኖሮ እያለች ፊቷን በእጇ ሸፈነች። መስኮቱ ውስጥ ያሉት ዘመዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። እማማ ምን እያሉ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም እየተላለፉ ነው፣ ሊሆን አይችልም መሰለኝ አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ያን ሁሉ ተሟግተን ያስመጣነው ነገር በኔትዎርክ ሊቀር ነው አልኩ በሆዴ።

ዶክተሩ ግን መሐንዲስ ነው። ጥቂት አሰበና ልጅቷን በስሟ ጠራት፤ ሌሎቹ ዝም አሉ።

«የእኔን ድምፅ ዝጊው፣» አላት። «እኔን አትስሚኝ። አባትሽ እንዳስተማረሽ ዝም ብለሽ ምቺ፤ እኔ እቀበልሻለሁ።»

ልጅቷ ዘጋችው። ፈራ ተባ እያለች ጀመረች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠና ገባ። እንዴት እንደነበር በቀላሉ ልናገር፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ከጓሮዬ ስሰማው የኖርኩት ጎደሎ ዜማ ሞላ። የቱ የእሷ፣ የቱ የእሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እሷ እንግሊዝ ሆና የምትሰማው የራሷን ብቻ ነው፤ ማን እንደሚቀበላት ሳትሰማ አምና ትመታለች። ገጠር ያሉት የሚደርሳቸው የተቆራረጠ ነው። ሁለቱ ገጥመው፣ ሙሉ ሆነው የሚሰሙት በእኔ በረንዳ ላይ ብቻ ነበር። ደስ አለኝ። ለቅሶ ላይ ደስ ማለት ነውር መሆኑን እያወቅሁ በጣም ደስ አለኝ። በዚህ መሐል ዶክተሩ አስቀድሞ እንዳስጠነቀቀኝ ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ፤ ቅጂው ገጠር ይላክና በትልቅ ስፒከር ይከፈትላቸዋል።

ስቀዳ ነው የዶክተሩን ፊት ያየሁት። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጣቶቹ ስለማያርፉ ሊጠርገው አይችልም። እማማም አይተውታል። ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ እንዲህ አሉኝ፦

«ለካ ያን ዕለትም እያለቀሰ ነበር። ሰው ሲያለቅስ አፉን ያዝኩት።»

መቅዳቴን ቀጠልኩ። እሳቸውም ወደ ፊታቸው ዞሩ፤ ትንሽ ወዘወዝ ማለት ጀመሩ። ከዚያ ድምፃቸው ወጣ። ቀጭንና የተሰነጠቀ ነበር፣ ልጅ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ አልነበረም፤ ግን የምቢራውን አካሄድ ይዞ፣ እሱ ሲዘቅጥ አብሮ እየዘቀጠ ሄደ፦

ሰዉን ሁሉ አድርሶ ወደየቤታቸው፣
እሱን የሚያደርሰው ሹፌር ጠፋባቸው።

ሁለቱ የእድር ሴቶች ተያዩ። የንስሐ አባታቸው የከለከሏቸው ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ አንደኛዋ ደረቷን ደቃች፣ ሁለተኛዋም ተከተለቻት። ዶክተሩ ቃሉ አልገባውም፣ ግን አላቆመም። እማማ ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው ሌላ ጨመሩ፦

አንተም ሰው አገር ነህ፣ እሱም አፈር ገባ፤
እኛ እንቀበልህ፣ አንተ አውርድ እንባ።

ልጅቷ ስታቆም እሱም አቆመ። ድምፁን ከፍታ ሆነ ወይ ብላ ጠየቀች። ሆነ አላት። ቅጂውን እዚያው ላክን። የእድር ሴቶቹ ፊታቸውን ጠርገው፣ እንደ ልማዳቸው እግዚአብሔር ያጽናዎት ብለው ወጡ። እማማ ነጠላቸውን አጣጥፈው ይዘው ሄዱ፤ ስለ አርባውም ሆነ ስለ ቁም ሳጥኑ ምንም አላሉም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶክተሩ ስልኩን ይዞ መጣና አብሬው እማማ ዘንድ እንድሄድ ጠየቀኝ። ሄድን። እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ለንስሐ አባታቸው ተናግረው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ሰላም ካላቸው በኋላ በገዛ አማርኛው ነገራቸው፤ ሲያቅተው እኔ እሞላለት ነበር። ቅጂውን ግቢው ውስጥ ከፍተውታል። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰምቶታል። ሲያልቅ እህቱ እንደገና ክፈቱት ብላለች፤ ከዚያም የአሮጊቷ ድምፅ የሚመጣበትን ቦታ ብቻ ደጋግማ አስከፍታለች። ዛሬ ጠዋት መልእክት ልካለች፤ እሱ መልሱን ስላላወቀው ነው የመጣው።

እማማ ምን አለች አሉ።

«ያቺ እናት ወንድማችንን ታውቀው ነበር ወይ፣ ብላ ነው የጠየቀች፣» አላቸው።

እማማ በክርናቸው ነካ አድርገውት እንዲቀመጥ ቦታ ለቀቁለት። ከመጣ ጀምሮ ዶክተር ሲሉት የኖሩትን ሰው ልጄ ብለው ሲጠሩት ያኔ ሰማሁ።

«አሁን አውቀዋለሁ በላት፣ ልጄ።»

ዶክተሩ አጠገባቸው ተቀመጠና መልሱን እዚያው ጻፈላት።